ከላሊበላ አቡነ ዮሴፍን ዞሮ መመለስ፦ በየት በኩል ይሻላል?

የደሴዋ

ሰላም ጀማዓ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እኔና የአክስቴ ልጅ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከላሊበላ ተነስተን ተራራውን በአንድ ቀን ዞረን ልንመለስ አስበናል። በሩጫ። እሺ፣ ዳገቱን በእርምጃ፣ ሜዳውንና ቁልቁለቱን በሩጫ። መንገዱ ላሊበላ፣ አሸተን ማርያም፣ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከዚያ ተመልሶ ላሊበላ ነው። ካርታ ላይ ስለካው ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ ግን ካርታ የሚለካውና እግር የሚለካው እንደማይገናኝ አውቃለሁ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ 4,260 አካባቢ።

ሁለታችንም የክለብ ሯጭ አይደለንም። ደሴ ነው የምንለማመደው፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጦሳን ተራራ እንወጣለን። እስካሁን ረጅሙ የሮጥነው 38 ኪሎ ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ደረጃ የምወርደው በጎኔ ነበር።

ጥያቄዬ አንድ ናት። በየት በኩል እንዙር? አሸተንን ቀድመን ወጥተን በይምርሐነ እንመለስ፣ ወይስ በይምርሐነ ሄደን በአሸተን እንውረድ? እኔ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ገና እግሬ ሳይፍታታ የአሸተንን ዳገት መጋፈጥ ያስፈራኛል፣ ማታ ደግሞ የከተማውን መብራት ቁልቁል እያዩ መጨረስ ደስ ይላል። የአክስቴ ልጅ አልተስማማችም። ሳምንቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን፣ እናቴ «ሳትሄዱ ደከማችሁ» አለች።

ሐረጎ_ላይ

አብሽሪ እህቴ፣ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ዳገት መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ሰው ጉልበቱን ሳያውቀው ይጨርሳል። እኔ ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ ስወጣ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምወጣው፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከፈጠንኩ ደሴ መግቢያ ላይ እግሬ የሰው እግር ይሆንብኛል። ስለዚህ በይምርሐነ በኩል ተፍታትታችሁ ሂዱ፣ ዳገቱ ሲመጣ ሰውነታችሁ ሞቆ ይጠብቀዋል።

ከአቅጣጫው በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያ «ካርታ ላይ ስለካው» ያልሽው ነው። አንድ ጊዜ ደላንታ ዳር የደረሰብኝን ልንገርሽ። ስልኬ ላይ መስመር ስዬ ሄድኩ። የምፈልገው መንደር ከፊቴ ነው፣ ስልኩ 300 ሜትር ቀረህ ይለኛል። 300 ሜትሩ ወደታች መሆኑን ግን አልነገረኝም። ገደል አፍ ላይ ቆሜ የሰው ቤት ጭስ ቁልቁል አያለሁ፣ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል፣ መውረጃ ግን የለም። ግራ ሄድኩ ገደል፣ ቀኝ ሄድኩ ገደል። በመጨረሻ አንድ እረኛ ልጅ አገኘሁ፣ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ከዚያ «በሩ እኮ በዚያ ነው» ብሎ ወደመጣሁበት ጠቆመኝ። ወላሂ አንድ ሰዓት ተኩል ወደኋላ! የእኛ አገር አምባ እንዲህ ነው፣ ዙሪያው ግድግዳ ነው፣ የሚወጣውም የሚወረደውም በበሩ ብቻ ነው። ስለዚህ መንገዱ የት ነው ብለሽ አትጠይቂ፣ በሩ የት ነው ብለሽ ጠይቂ።

የላስታው

ልጄ፣ እኔ ለብዙ ዓመት እንግዳ ይዤ እዚያ ተራራ ወጥቻለሁ። በእግሬ ነው እንጂ ሮጬ አላውቅም፣ ማን አባሮኝ።

አሸተንን ማታ በድካም መውረድ የሚባለውን ነገር ከሐሳብሽ አውጪው። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ አለት ላይ የተጠረበ ያህል ነው፣ ጠባብ የድንጋይ መተላለፊያም አለው። ጠዋት ለሚወጣ ሰው ችግር የለውም፣ ዳገት ሲወጣ ሰው ቀስ ይላል፣ ቢሳሳትም በእጁ ይይዛል። ማታ ግን ቀኑን ሙሉ የሮጠ ጉልበት ይዘሽ፣ ጠጠሩ ከእግርሽ ሥር እየተንከባለለ፣ የከተማውን መብራት አያለሁ ስትይ ሌላ ነገር ታያለሽ። ከዚህ በፊት ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት በበቅሎ ያወረድነው ጎልማሳ ነበር፣ እሱም የወደቀው ሲወርድ ነው እንጂ ሲወጣ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጫፉን ጠዋት ነው መድረስ ያለባችሁ። ኅዳር ላይ ዝናቡ ወጥቷል፣ እርግጥ ነው። ግን ከቀትር በኋላ ደመና ጫፉ ላይ መቀመጥ ይወዳል። ጉም ከገባ ጅባራው፣ ያ ሰው የሚያክለው የደጋ ተክል፣ ከሰው አይለይም። ሰው መስሎኝ ጅባራ የጠራሁበት ቀን አለ። ጠዋት ከደረሳችሁ ሁሉንም ታያላችሁ፣ የት እንደምትወርዱም በዓይናችሁ ትለያላችሁ። በይምርሐነ በኩል ከሄዳችሁ ጫፉ ላይ የምትደርሱት ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው፣ ያ ደግሞ የጉሙ ሰዓት ነው።

ስለ መንገዱ፣ ገብሱ እስካለበት ድረስ ሰው አታጡም። ኅዳር አጨዳ ነው፣ ማሳ ላይ ሰው አለ፣ መንገድ ይነግሯችኋል። ነገር ግን በማሳ መካከል አትለፉ፣ ክምርም አትርገጡ። እርሻ ሲታረስ የእግር መንገዱ በየዓመቱ ይዞራል፣ ባለፈው ዓመት ያለፍኩበት ዘንድሮ እሾህ ታጥሮበት አግኝቻለሁ። ከገብሱ በላይ አስታው፣ የደጋው ቁጥቋጦ፣ ይመጣል፣ ከአስታው በላይ የጓሳ ሣርና ጅባራ ብቻ ነው። እዚያ መንገዱ ይበተናል፣ የከብት መንገድና የሰው መንገድ አይለይም። ጭላዳ መንጋ ሆኖ ታዩታላችሁ፣ እድል ካላችሁ ቀይ ቀበሮም። ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ ከፍላችሁ፣ የአካባቢውን ሰው አስከትላችሁ ነው የምትሄዱት። አብሮ የሚሮጥ አልጠፋም፣ የእኛ ልጆች ለእናንተ አያንሱም።

ይህን ሁሉ ከማሰባችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ነገሩ ቀን በቀን ይለያያል፣ ሌሊት መንቀሳቀስ የማይፈቀድበት ጊዜም ይኖራልና ለቀበሌ ሳታሳውቁ እንዳትነሱ።

ወልዲያ_በግላስጎ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የወልዲያ ልጅ ነኝ፣ ስኮትላንድ ነው የምኖረው። እዚህም ተመሳሳይ ክርክር ስላለ ልግባ።

የራምዚ ዙር የሚባል አለ። ቻርሊ ራምዚ የሚባል ሯጭ እ.ኤ.አ. በ1978 በሐምሌ ወር ሃያ አራት ተራሮችን በአንድ ዙር ወጥቶ በ23 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ተመለሰ። ገደቡ 24 ሰዓት ነው፣ ሁለት ደቂቃ ተረፈችው። ወደ 93 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠቅላላ ዳገቱ ከ8,500 ሜትር በላይ። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። ትልቁ ተራራቸው ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፣ የእኔ ወልዲያ እንኳን ከዚያ በላይ ናት! በኋላ ግን ሄጄ አየሁት። ከባሕር አጠገብ ነው የሚነሳው፣ መሬቱ ረግረግ ነው፣ ንፋሱ ቆመሽ እንድትሄጂ አይፈቅድም፣ በሰኔ ጫፉ ላይ በረዶ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

እነሱም የሚከራከሩት እንደ እናንተ ነው፣ በቀኝ እንዙር በግራ እያሉ። ራምዚ ራሱ ቤን ኔቪስን ለመጨረሻ ትቶ ነው የዞረው። ሌሎች ደግሞ ቤን ኔቪስንና አጠገቡ ያሉትን ድንጋያማዎቹን በትኩስ ጉልበት ጨርሰው ማሞርስ የሚባሉትን አሥሩን ተራሮች ለመጨረሻ ያስቀምጣሉ። እኔ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ለመርዳት ሄጄ ነበር፣ ሥራዬ መሀል ላይ ፈርሲት የሚባል ቦታ ሻይና ደረቅ ካልሲ ይዞ መጠበቅ ነው። ፈርሲት መኪና የሚደርስበት ቦታ ነው፣ ግማሽ መንገድ አካባቢ። ባልደረባዬ ደረሰ፣ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ። ጫማ ካወለቀ በኋላ ማንም አይነሳም። በመኪና ወሰድኩት፣ መንገዱን ሙሉ ተኛ።

ከዚያ የተማርኩት ይኸን ነው፦ መኪና የሚደርስበት ቦታ ከከባዱ በኋላ መሆን አለበት። የእናንተ ዙር ላይ መኪና የሚደርሰው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። አሸተንን ቀድማችሁ ከወጣችሁ ይምርሐነ ስትደርሱ ትልቁ ዳገት አልቋል፣ ከደከማችሁ መኪና ትጠራላችሁ፣ ካልደከማችሁ ትቀጥላላችሁ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ይምርሐነ የምትደርሱት ገና በጠዋት፣ ምንም ሳይደክማችሁ ነው። ሲደክማችሁ ደግሞ ጓሳው መሀል ናችሁ።

ሌላው ስለ ብርሃን ነው። እዚህ በሰኔና በሐምሌ ሌሊቱ አጭር ነው፣ ለዚያ ነው ዙሩን በዚያ ወቅት የሚሮጡት። እናንተ ጋ ቀኑ ሁልጊዜ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ኅዳር ላይ እንዲያውም ትንሽ ያንሳል። አሁን አስቡት። ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ቀላል ስሌት አለች፣ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። 60 ኪሎው 12 ሰዓት፣ ወጣ ገባውን ጨምረሽ ዳገቱን 2,400 ብትይ 4 ሰዓት፣ ድምሩ 16። ይሄ ለሚራመድ ሰው ነው፣ እናንተ እየሮጣችሁ ትቀንሱለታላችሁ፣ ከፍታው ደግሞ መልሶ ይጨምርባችኋል። ስለዚህ የተወሰነ ሰዓት በጨለማ መሄዳችሁ አይቀርም። በየት እንዙር ማለት ጨለማውን የት እናሳልፈው ማለት ነው። እኔ ብሆን ቀስ ብዬ ዳገት ስወጣ አሳልፈው ነበር።

ሐረጎ_ላይ

የመኪናዋ ነገር አሳመነችኝ። የጉልበቱ ነገር ግን አሁንም አላሳመነኝም፣ አሸተንን ቀድማችሁ ከወጣችሁ በጣም ቀስ በሉ። ማውራት እስክትችሉ ድረስ ቀስ በሉ። መተንፈስ እንጂ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

የደሴዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የጅባራውን ነገር ለእናቴ አንብቤላት ሳቀች። የግላስጎዋ እህቴም አመሰግናለሁ። ጨለማውን የት እናሳልፈው የሚለው በፍጹም አልታየኝም ነበር፣ ሳምንት ሙሉ ስለ እግር ነው የተጨቃጨቅነው።

እሺ፣ አሸተንን ቀድመን ብንወጣስ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብንነሳ አሸተን አካባቢ 11 ሰዓት እንደርሳለን፣ ሱብሂን እዚያ እሰግዳለሁ። የአክስቴ ልጅ ክርስቲያን ናት፣ እሷ ማርያምን ትሳለማለች፣ ወሎ ነው እንግዲህ። የኅዳሩ ጾም ሳይገባ የምንሄደውም እሷ እንደልቧ እንድትበላ ነው፣ በሶ ብቻ በልታ ተራራ አልወጣም ትላለች። ከዚያ ፀሐይ ስትወጣ ከአስታው በላይ፣ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ጫፉ ላይ።

የሚያስፈራኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከፍታው። ሁለተኛው ውሻ! ሌሊት በ9 ሰዓት ሁለት ሴት ሲሮጡ ያየ ገበሬ ምን ይላል? ሌባ ነው የምንባለው።

የቆቦው_ነርስ

ሥራዬ ስለሆነ በሁለቱም ልመልስ።

ደሴ መኖራችሁ ይረዳችኋል፣ 2,500 ላይ ነው የምትተኙት። 4,260 ግን ሌላ ነው፣ እዚያ አየሩ ውስጥ የምታገኙት ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ወደ 60 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ከቻላችሁ ከቀኑ በፊት አንድ ሌሊት ከፍ ያለ ቦታ እደሩ፣ ካልቻላችሁ ጫፉ ላይ ብዙ አትቆዩ። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ውሃ ጠጡ፣ ቀስ በሉ፣ ተያዩ። ራስ ምታቱ ላይ ማቅለሽለሽ ከተጨመረ አትውጡ። ስትራመድ እንደ ሰካራም የምትወላገድ፣ ነገር የሚምታታባት፣ ወይ ቁጭ ብላም ትንፋሽ የሚያጥራት ካለች ጨዋታው አበቃ፣ ወዲያው ወደታች ነው። ፎቶ የለ፣ ትንሽ ልረፍ የለ። ሕመሙ ሰውየውን ደህና ነኝ ያስብለዋልና አንዷ ለሌላዋ ዳኛ ሁኑ።

ውሻውን በተመለከተ፣ ሮጣችሁ አትለፉት። የሚሮጥ ነገር ካየ ያባርራል። ከመንደር ስትደርሱ ሩጫውን አቁሙ፣ ዱላ ያዙ፣ ከሩቁ «ቤቶች!» እያላችሁ ድምፅ አሰሙ። ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም፣ የእብድ ውሻ ክትባት ቀጠሮ አይሰጠውም። ቁስሉ ትንሽ ናት ብላችሁ 30 ኪሎ እንዳትሮጡባት።

ውሃም ጨምሩበት። በበጋ ላይኛው ምንጭ ሁሉ አይፈስም፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ደግሞ እንዳለ አትጠጡ። ውሃ አጋር የምትባለው የውሃ ማከሚያ ትንሽ ጠርሙስ ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

የላስታው

ነርሱ ደህና ተናግሯል። እኔ የምጨምረው ስለ ሌባው ነው።

ሌሊት የሚሮጥ ሰው በእኛ አገር ወይ ሌባ ነው ወይ የታመመ ቤተሰብ ያለው ነው። ስለዚህ እስከ አሸተን አትሩጡ፣ ዳገትም ስለሆነ አትችሉም። ባትሪያችሁን መሬት ላይ አብሩ እንጂ የሰው ቤት ላይ አታብሩ። እሑድ ወይ የማርያም ዕለት ካደረጋችሁት ደግሞ ይቀላል፣ ኪዳን ለማድረስ የሚወጣ ነጠላ የለበሰ ሰው ሌሊት መንገዱ ላይ አለ፣ ከእሱ ጋር ተቀላቀሉ። ሁለት ልጆች ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ማን ይናገራል።

ቅዳሜ ብታደርጉትም ጥሩ ነው፣ የላሊበላ ገበያ ነው። ጫፉን ጨርሳችሁ ይምርሐነ ስትወርዱ፣ ከዚያ ወደ ላሊበላ ስትመለሱ፣ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። እሱ ወደ እናንተ ይመጣል፣ እናንተ ወደ እሱ። መንገዱ በዚያ ቀን አይጠፋም፣ የአህያ ፋንድያ ተከትላችሁ ብትሄዱ እንኳን ትገባላችሁ።

ይምርሐነ ስትደርሱ ግን ሮጣችሁ አትለፉ። ዋሻው ውስጥ ግቡ። ከላሊበላ ቤተ መቅደሶች በፊት የታነጸ ነው፣ ድንጋዩና እንጨቱ ተራ በተራ የተደረደረ። ስታቆሙ ላባችሁ ይቀዘቅዛልና ጋቢ ያዙ፣ ዋሻው ብርድ ነው።

ሐረጎ_ላይ

ጋቢ ተሸክመው ሊሮጡ ነው ጋሼ? 😄

የላስታው

ጋቢውን በሚጠብቃቸው መኪና ይላኩት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጋቢ ለብሼ ነው የወጣሁት፣ አልከበደኝም።

የደሴዋ

ተወሰነ። አሸተን ቀድሞ፣ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ቀበሌ ከፈቀደ። ካልፈቀደ 11 ሰዓት እንነሳና ይምርሐነ ላይ በመኪና እንጨርሳለን፣ ለዚህም አላኮርፍም። ሐሙስ ላሊበላ እንገባለን፣ ዓርብ ከላሊበላ በላይ እስካለው ሁዳድ ድረስ በእግር ሄደን መንገዱንም ከፍታውንም እናያለን፣ በዚያውም ከአገሬው አብሮን የሚሮጥ ሰው እናገናኛለን። ወንድሜ ይምርሐነ ላይ መኪናውን ይዞ ይጠብቀናል፣ ሻይ፣ ካልሲና ጋቢ ይዞ። ጫማችንን እንዳናወልቅ ነግሬዋለሁ፣ ብናወልቅ እንዲደበድበን ፈቅጄለታለሁ።

የአክስቴ ልጅ ይኸን ሁሉ አንብባ «እኔ ምን ብዬሽ ነበር» አለችኝ። ምንም አላለችኝም ነበር፣ እሷም ስለ እግር ነው ያወራችው።

ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ ጥያቄ። ዱላው ምን ዓይነት ይሁን? እዚህ ደሴ ገበያ ያየሁት ወይ ቀጭን ነው ወይ የሽማግሌ ከዘራ ነው።

የላስታው

ከደሴ ዱላ ተሸክማችሁ እንዳትመጡ። የወይራ ዱላ እኔ ቤት አለ፣ ሁለት አወጣላችኋለሁ። ስትመለሱ ትመልሱልኛላችሁ።